የኮሌጅ ክሬዲት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር

እህል በቁና ይሰፈራል። ጨርቅ በክንድ ወይም በሜትር ይለካል። ቅቤ ሚዛን ላይ ይወጣል። ትምህርትስ በምን ይለካል?

በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት የሚለካበት መስፈሪያ «ክሬዲት» ይባላል። አንድ ክሬዲት ማለት ተማሪው በአንድ ሴሚስተር፣ ማለትም በአሥራ አምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ክፍል ገብቶ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ በቤቱ አጥንቶ የሚያገኘው ትምህርት ነው። አብዛኛው ኮርስ ባለ ሦስት ክሬዲት ነው። በሁለት ዓመት የሚያልቀው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ይጠይቃል። በአራት ዓመት የሚያልቀው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው።

ቃሉ አንባቢን ግራ እንዳያጋባ አንድ ነገር እንበል። ባንክ ቤት ክሬዲት ሲባል ብድር ወይም ዱቤ ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ ክሬዲት ሲባል ከሁለቱ ዓምዶች በቀኝ በኩል ያለው ነው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ እንግዲህ ጧት የዱቤውን ክሬዲት ሲከፍል፣ ቀን በደብተሩ ክሬዲት ሲጽፍ፣ ማታ ደግሞ ክሬዲት ሲማር ይውላል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ማታው ነው።

የክሬዲት አመጣጥ ትንሽ ያስገርማል። ነገሩ የተነሣው ከጡረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለጸጋ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ይሁን ብሎ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ድርጅት ግን «ለመሆኑ ኮሌጅ ማለት የትኛው ነው? ለማንስ መምህር ነው የምንከፍለው?» የሚል ጥያቄ ገጠመው። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ ነኝ የሚለው ሁሉ ደረጃው ለየቅል ነበርና። ስለዚህ ኮሌጆቹ ለመግቢያ የሚጠይቁት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሰዓት ተቆጥሮ እንዲቀርብ አዘዘ። ጡረታውን የፈለገ ሁሉ ሰዓት መቁጠር ጀመረ። በኋላም በሰዓት መለካቱ በኮሌጁ ትምህርት ላይ ተስፋፋ። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መስፈሪያው የሚሰፍረው ሰዓትን ነው እንጂ እውቀትን አይደለም። ሁለት ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት ክሬዲት ብለው የሚሰጡት ኮርስ በውስጡ ያለው ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። የክሬዲት ዝውውር ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የሁለት ዓመት ኮሌጅም ታሪክ ከዚያው ዘመን ይጀምራል። የመጀመሪያው የሕዝብ ኮሌጅ በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ተማሪው የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት እዚያው በሰፈሩ፣ በዝቅተኛ ክፍያ ይማር፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የቀረውን ሁለት ዓመት ይጨርስ። ሁለትና ሁለት አራት ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ያማረ ሒሳብ የለም።

በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ እንዲሁም በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ መንገድ ይማራሉ። ቀን በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በሱቅ ወይም በሆስፒታል ሲሠሩ ይውላሉ፤ ማታ ክፍል ይገባሉ። ሒሳብ አያያዝ የሚመርጡም ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ አገር ቤት ሳለ ንግድ ሥራ የተማረ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ቁጥር እኮ እንግሊዝኛ አይፈልግም» ብሎ ነው የሚገባው። ይህ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ቁጥሩን መደመር ኮምፒዩተሩም ያውቅበታል፤ የሒሳብ ሠራተኛ የሚከፈለው ቁጥሩ ምን እንደሚል ለሌላው ሰው በማስረዳቱ ነው። ለዚህም ነው ዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ድርሰትና የንግግር ትምህርት አጥብቆ የሚጠይቀው።

ያ ያማረ ሒሳብ በተግባር እንዴት ነው? የአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥትን ወጪና ሥራ የሚመረምርበት የኦዲት መሥሪያ ቤት አለው። ይህ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የተዛወሩት እንኳ 37 በመቶ ያህል አጥተዋል። ከአሥር ክሬዲት አራቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያ ክሬዲት ደግሞ የተከፈለበት፣ የተመሸበት፣ ከልጅ የተለዩበት ነው።

ለምን ይቀራል? ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ክሬዲቴን ትቀበላላችሁ ወይ?» ይላል። መልሱ «አዎን» ይሆናል። መልሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ትቀበሉታላችሁ ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ለሒሳብ አያያዝ ዲግሪዬ ይቆጠርልኛል ወይ?» ነው። የመጀመሪያውን የሚመልሰው ሬጅስትራሩ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው ግን የሒሳብ አያያዝ የትምህርት ክፍሉ ነው። ሁለቱ ቢሮዎች አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንኳ አይገኙም።

ጎጆ የሚሠራ ሰው እናስብ። ዘመድ ሊረዳው ስድሳ እንጨት ተሸክሞ መጣ። ባለ ጎጆው «እሰይ፣ አምጣው» ብሎ ሁሉንም በግቢው አስቀመጠው። ሥራ ሲጀመር ግን ምሰሶ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ምሰሶ ቢመጣ የሚገባበት ቦታ የለም። ማገር የሚሆነው ደግሞ አንሷል። እንጨቱ ግቢ ገብቷል፤ ቤቱ ውስጥ ግን አልገባም። ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎት ለዲግሪው ያልተቆጠረ ክሬዲት እንደዚያ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። አንዲት እኅት አለች እንበል። ቀን በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ናት። በሴሚስተር ሁለት ሁለት ኮርስ እየወሰደች፣ ስንት ዓመት ለፍታ፣ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ 64 ክሬዲት ጨረሰች። «ከ120 ላይ 64 ሲነሣ 56 ቀረኝ» ብላ አሰበች። ዩኒቨርሲቲው መረመረና እንዲህ የሚል ወረቀት ሰጣት።

የሒሳብ አያያዝ ፕሪንሲፕልስ አንድና ሁለት 6 ክሬዲት፣ ኢኮኖሚክስ 6፣ የእንግሊዝኛ ድርሰት 6፣ ስታቲስቲክስ 3፣ ንግግር 3፣ ታሪክ 3፣ ኮምፒዩተር 3። ይህ 30 ክሬዲት በቀጥታ ተቆጠረላት። ቀጥሎ ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ 6፣ የወጪ ሒሳብ 3፣ የግብር ሒሳብ 3፣ የንግድ ሕግ 3፣ የንግድ ሥራ መግቢያ 3፣ የገበያ ሥራ መግቢያ 3። ይህ 21 ክሬዲት ተቀባይነት አገኘ፤ ነገር ግን እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ነው። በዲግሪው ውስጥ ለምርጫ ኮርስ የተተወው ቦታ ደግሞ 6 ብቻ ነው። ስለዚህ የንግድ ሥራ መግቢያውና የገበያ ሥራው ገቡ፤ 15 ክሬዲት ውጭ ቀረ። የደመወዝ መዝገብ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የንግድ ስሌትና የቢሮ ሥራ ልምምድ፣ እንዲሁም የአዲስ ተማሪ ማለማመጃ የሆነችው የአንድ ክሬዲት ኮርስ ተደምረው 13 ክሬዲት ጨርሶ አልተቀበሏቸውም።

ድምሩን እንሥራ። የተቆጠረላት 30 እና 6፣ ማለትም 36 ነው። ከ120 ላይ ሲነሣ 84 ይቀራታል። 56 ብላ ያሰበችው 84 ሆነ። ልዩነቱ 28 ክሬዲት ነው። በሴሚስተር ስድስት ክሬዲት ለምትወስድ ሠራተኛ ይህ አምስት ሴሚስተር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን ማለት ነው። እንዴ! ተምራ የለም ወይ? ተምራለች። መስፈሪያው ነው ሌላ የሆነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥፋት የት እንደተሠራ እንመልከት። ጥፋቱ የተሠራው በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ሳይሆን፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ቅጽ ስትሞላ ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከአንድ ዓይነት በላይ የሁለት ዓመት ዲግሪ አለው። አንዱ አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ይባላል፤ በአጭሩ ኤ.ኤስ. ነው። ሌላው አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ይባላል፤ በአጭሩ ኤ.ኤ.ኤስ. ነው። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ይመስላል። ኤ.ኤስ. የተዘጋጀው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወር ሰው ነው። ኤ.ኤ.ኤስ. የተዘጋጀው ግን ቶሎ ሥራ ለሚገባ ሰው ነው። «ሒሳብ አያያዝ» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ለመዛወር የሚሆነው በብዙ ኮሌጅ «ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሰው ደግሞ የሚፈልገውን ስም አይቶ ይመዘገባል። ማን ይፈርድበታል?

ኤ.ኤ.ኤስ. ግን የማይረባ ነው ማለታችን አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ የደመወዝ መዝገብ የሚሠራ፣ የትንሽ ድርጅት ሒሳብ የሚይዝ ሰው ለመሆን ደኅና መንገድ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ቢመርጠው አይነቀፍም። የሚያስቆጨው ዩኒቨርሲቲ እገባበታለሁ ብሎ ተሳስቶ ሲገባበት ነው።

ሁለተኛው ነገር ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ ነው። ይህን ኮርስ በኮሚኒቲ ኮሌጅ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው «እንደገና ውሰድ» ሲለው ይናደዳል። እውነቱን ለመናገር ቢናደድ አይገርምም። መጽሐፉ እንኳ አንድ ሊሆን ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ግን የራሱ ምክንያት አለው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚያስተምረው የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው። በዩኒቨርሲቲው ደግሞ ኢንተርሚዲየት የሦስተኛ ዓመት ኮርስ ነው፤ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ምሰሶ እሱ ነው። ንብረት፣ ዕዳ፣ ኪራይ፣ ገቢ መቼና በስንት እንደሚመዘገብ በጥልቀት የሚታየው እዚያ ነው። በዚህ ላይ ብዙ የንግድ ሥራ ፋኩልቲዎች ከንግድ ሥራ ኮርሶች ቢያንስ ግማሹ በራሳቸው ዘንድ እንዲወሰድ ይጠይቃሉ። ዲግሪው በስማቸው የሚወጣ ነውና።

ዕድሜም አለበት። ታሪክ ወይም ስታቲስቲክስ ከአሥር ዓመት በፊት የተማረ ሰው ብዙ አይጎዳም። ሒሳብ አያያዝ ግን ሕጉ ይለወጣል። ለምሳሌ የገቢ አመዘጋገብ ደንብ በአሜሪካ ለትልልቆቹ የአክሲዮን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2018፣ የኪራይ አመዘጋገብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተለውጧል። ቀድሞ ቢሮ ወይም መኪና በኪራይ የያዘ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ የወር ኪራዩን ወጪ ብቻ ይመዘግብ ነበር። አሁን ግን ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ኪራይ የወደፊቱን ክፍያ ዕዳ፣ የመጠቀም መብቱን ንብረት ብሎ መመዝገብ አለበት። የግብር ሕጉም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በብዙ ቦታው ተሻሽሏል። ስለዚህ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብና የግብር ኮርስ ከተወሰነ ዓመት በላይ ከቆየ አይቀበሉም።

ከኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ይዞ ለሚመጣ ሰው ነገሩ በሌላ በኩል ይታያል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ትምህርት በሚመረምር ድርጅት እንዲገመገም ይጠይቃሉ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ይህ ሰው ዲግሪ አለው» ብሎ በጥቅሉ ብቻ የሚናገር ነው፤ ለሥራ ፍለጋ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ሌላው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝር ነው። ክሬዲት ለማዛወር የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው። ርካሹን ገዝቶ በኋላ ሁለተኛውን እንደገና የሚከፍል ሰው አለ።

በይዘቱም ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ የሒሳብ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ድርጅቶች ዓለም አቀፉን ደረጃ እንዲከተሉ ተደንግጓል። አሜሪካ ግን የራሷ ደረጃ አላት። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ነጋዴ በመጋዘኑ 100 ኩንታል እህል በርካሽ ገዝቶ አስገባ፤ ቆይቶ ሌላ 100 ኩንታል በውድ ገዛ። ከዚያ 100 ኩንታል ሸጠ። የሸጠው የትኛውን ነው? የርካሹን ወይስ የውዱን? በአሜሪካ ደንብ «በመጨረሻ የገባው መጀመሪያ ወጣ» ብሎ የውዱን ዋጋ ወጪ አድርጎ መመዝገብ ይፈቀዳል። ትርፉ ዝቅ ይላል፤ ግብሩም ይቀንሳል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ይህ ክልክል ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ የተማረውን ከፍተኛ የሒሳብ ኮርስ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ «ይህ እኛ ጋ ያለው አይደለም» ቢል ንቀት ብቻ አይደለም። የግብር ትምህርቱማ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የገቢ ግብር ማስላት የሚችል ሰው በዋሽንግተን የግብር ቅጽ ፊት አዲስ ተማሪ ነው። የሒሳብ አያያዝ ፕሪንሲፕልስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሂሳብና ስታቲስቲክስ ግን በቀላሉ የማለፍ ዕድል አላቸው። ዴቢትና ክሬዲት የትም አገር አንድ ነው።

ወደ አሜሪካው ግዛቶች እንመለስ። ይህን ጣጣ ለመቀነስ በየግዛቱ የተሠራ ሥራ አለ። በፍሎሪዳ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ኮርስ አንድ ዓይነት ቁጥር ስላለው፣ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው እንደ ራሱ ኮርስ እንዲቀበል ይገደዳል። በቴክሳስም የጋራ ቁጥር አለ። ለምሳሌ የመጀመሪያው የፋይናንስ ሒሳብ ኮርስ 2301 ነው። የመጀመሪያው አኃዝ 2 የዓመቱን ደረጃ፣ ሁለተኛው አኃዝ 3 ክሬዲቱን ያሳያል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ የተወሰነ ዓይነት የማዛወሪያ ዲግሪ የጨረሰ ተማሪ በግዛቲቱ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተመሳሳይ ትምህርት 60 ክሬዲት ብቻ ጨምሮ እንዲመረቅ አድርጋለች። በቨርጂኒያ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ የጀመሩት ፕሮግራም ተማሪው ገና ኮሌጅ ሲገባ እስከ ዩኒቨርሲቲው ምረቃ ድረስ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር ይሰጠዋል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ነው፤ ተማሪው ጥያቄውን ሳያውቅ መልሱን ያገኛልና።

እነዚህ ውሎች ግን ከግዛቱ ወሰን ሲወጡ አይሠሩም። ከሲያትል ወደ ቨርጂኒያ ዘመድ ፍለጋ የሚሄድ ተማሪ ይህን ማወቅ አለበት። በዋሽንግተን ግዛት ኮሚኒቲ ኮሌጆች ዓመቱ የሚከፈለው በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር፣ ማለትም በአሥር በአሥራ አንድ ሳምንት ነው። አንድ የኳርተር ክሬዲት የሴሚስተር ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ነው። 90 የኳርተር ክሬዲት የያዘ ሰው 60 የሴሚስተር ክሬዲት ይዟል። የሒሳብ ፕሪንሲፕልሱም በሁለት ፋንታ በሦስት ኮርስ ተከፍሏል፤ 201፣ 202 እና 203 ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ክሬዲት ናቸው። ሁለቱን ብቻ ጨርሶ የሄደ ሰው በቨርጂኒያ ሁለተኛውን ኮርስ በሙሉ እንደገና ሊወስድ ይችላል። ሦስተኛውን ጨርሶ መንቀሳቀስ ይሻላል። ሻንጣው ቢቆይ አይበላሽም።

ስለ ውጤት ደግሞ በአጭሩ። አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው «ሲ» እና ከዚያ በላይ ነው። ክሬዲቱ ሲያልፍ ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አያልፍም። በኮሌጅ «ኤ» በ«ኤ» የነበረው ተማሪ በዩኒቨርሲቲ አማካይ ውጤቱ ከባዶ ይጀምራል። ይህ ለሰነፉ ምሕረት፣ ለጎበዙ ቅጣት ይመስላል።

የገንዘቡን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ዜጋ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ የፌዴራል መንግሥት የማይመለስ እርዳታ ሊያገኝ ይችላል። ፔል ግራንት ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ይህ እርዳታ ለአንድ ሰው በዕድሜው ከአሥራ ሁለት ሙሉ ሴሚስተር አያልፍም። ያልተቆጠረ ክሬዲት የተወሰደበት ሴሚስተር ከዚያ ላይ ተቀንሷል። የማይቆጠር ኮርስ እየወሰደ እርዳታውን የጨረሰ ሰው የመጨረሻውን ዓመት፣ ውዱን የዩኒቨርሲቲ ዓመት፣ በብድር ወይም በኪሱ ይከፍላል።

እንግዲህ ወረቀቱን ተቀብላ የቆመችው እኅት ምን ታድርግ? አብራት የምትሠራ አንዲት ታላቅ ሴት እንዲህ ትላታለች እንበል። «ስሚ እንጂ የኔ ልጅ፣ ያ ወረቀት እኮ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ይግባኝ አለው። የኮርሶቹ ዝርዝር አለሽ ወይ?» ዝርዝር ያለችው ሲለበስ የሚባለውን ወረቀት ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የሚያድለው፣ መጽሐፉን፣ የየሳምንቱን ርዕስ፣ የፈተናውን ዓይነት የሚገልጸው ወረቀት ነው። አብዛኛው ተማሪ ኮርሱ ሲያልቅ ይጥለዋል። ትራንስክሪፕት የሚናገረው የኮርሱን ስምና ውጤቱን ብቻ ነው፤ በውስጡ ምን እንደተማሩ የሚመሰክረው ሲለበሱ ነው።

የኛይቱ ሴት የንግድ ሕጉን ሲለበስ አላጣችውም። ውል፣ ሽያጭ፣ ውክልና፣ የማኅበራት አቋቋም፤ ሁሉም ተጽፎበታል። ማመልከቻ ጽፋ ለትምህርት ክፍሉ ሰጠች። ክፍሉ ከራሱ የንግድ ሕግ ኮርስ ጋር አስተያየና ተቀበለው። የተቆጠረላት 39 ሆነ፤ የቀራት 81። ኢንተርሚዲየቱን ግን አልተቀበሉትም፤ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ተፈትኖ ማለፍ ይቻላል፤ በዚያኛው ይህ የለም ተባለች። የወጪና የግብር ሒሳቡም እንደዚያው። አራቱን ኮርስ እንደገና ልትወስድ ነው። ምን ይደረግ! ሁለተኛ ጊዜ መማር ቢያንስ ቀሎ ይገኛል።

የቀረው 25 ክሬዲትስ ጨርሶ ሞተ ማለት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በር አለ። በአሜሪካ ፈቃድ ያለው የሕዝብ ሒሳብ አዋቂ፣ ሲ.ፒ.ኤ. የሚባለው ለመሆን፣ በብዙ ግዛቶች ለረጅም ጊዜ የተጠየቀው 120 ሳይሆን 150 ክሬዲት ነው። ዲግሪው ላይ 30 ይጨመራል ማለት ነው። ኦሃዮን የመሰሉ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ሕጋቸውን አሻሽለው፣ 120 ክሬዲትና ዲግሪ ያለው ሰው ሁለት ዓመት ሠርቶ ፈተናውን በማለፍ ፈቃድ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍተዋል። ሆኖም በ150 የሚሄደውም መንገድ አልተዘጋም። እናም የፈቃድ ሰጪው ቦርድ የሚመረምረው ከየትምህርት ቤቱ በቀጥታ የሚላክለትን ትራንስክሪፕት ነው። ዩኒቨርሲቲው ለዲግሪ አልቆጥርም ያለውን ቦርዱ ለጠቅላላው ድምር ሊቆጥረው ይችላል።

ሁለት ጊዜ የተወሰደ ኮርስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ኢንተርሚዲየት፣ የወጪና የግብር ሒሳብ፣ ያ 12 ክሬዲት ስለዚህ አይደመርም። ዩኒቨርሲቲው ፊት የነሣቸው የደመወዝ መዝገብ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የንግድ ስሌትና የቢሮ ሥራ፣ ከዚያችም ከአንድ ክሬዲቷ ጋር፣ እስከ 13 ድረስ ሊገቡላት ይችላሉ። 120 እና 13፣ 133። ወደ 150 ለመድረስ 17 ይቀራታል። እሱንም በዩኒቨርሲቲ ዋጋ መውሰድ የለባትም። ከቦርዱ አስቀድማ ጠይቃ፣ እዚያው በሰፈሯ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ በማታው ክፍል ልትጨርሰው ትችላለች።